ቀይ ጺም ውሃ ዳር

ኦስኒኤል በተቀበረ በዘጠነኛው ቀን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ጌሙ ውስጥ ገባ።

መጀመሪያ ያየችው ማይቴ ናት። እሷ፣ ኤድየልና ፕሮፌ እንደወትሯቸው ሐይቁ ዳር፣ ከእንጨቱ ድልድይ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተቀምጠው ስል፣ እነሱማ በየቤታቸው ኮምፒውተር ፊት ናቸው፤ ሐይቁ ዳር የተቀመጡት ስክሪኑ ላይ ያሉት ሰዎቻቸው ናቸው። የማይቴ ጠንቋይ፣ የፕሮፌ ሽማግሌ፣ የኤድየል ቀስተኛ። ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ያወራሉ። ማይቴ የዕለቱን የዳቦ ሰልፍ እየተረከች፣ ተራዋን ልትነጥቃት ለሞከረችው ሴትዮ ልክ ልኳን እንዴት እንደነገረቻት ስታወራ፣ መሀል ላይ ድምጿ ቀጥ አለ።

"ኤድየል" አለች። "ከኋላህ።"

ኤድየል ቀስተኛውን አዞረው። ቀይ ጺም ቆሟል። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ጺሙ እስከ ቀበቶው የሚወርድ፤ ኦስኒኤል አራት ዓመት ሙሉ ከምንም አንሥቶ ያሳደገው ሰው። ከራሱ በላይ ስሙ በአረንጓዴ ፊደል ተጽፏል። ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ዝም ብሏል።

ከዚያ በማዳመጫው ውስጥ ትንፋሽ ተሰማ። ከሦስቱ የአንዳቸውም አልነበረም።

ማይቴ ማዳመጫዋን ነቅላ ወረወረችው፤ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሁሉም ሰሙት። ፕሮፌ ሰባተኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተምራል፤ በሙት መንፈስ በሚያምን ሰው ላይ ዕድሜ ልኩን ሲስቅ የኖረ ነው። እሱም ደህና ሁኑ እንኳ ሳይል ጠፋ። ኤድየል ብቻ ቀረ። የቀረውም ጀግና ሆኖ ሳይሆን እጁ አልታዘዝ ብሎት ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ የራሱን ትንፋሽ ውጦ የሌላውን አዳመጠ። አሥራ አንድ ተኩል ሲል ቀይ ጺም ከስክሪኑ ጠፋ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። በኛ ሰፈር፣ በላውተን፣ ኢንተርኔት በወሬ እንጂ በቤት በማይታወቅበት ጊዜ ወጣቶቹ የራሳቸውን ኔትወርክ ዘረጉ። ከጣሪያ ጣሪያ ገመድ ጎተቱ፣ መንገድ ሲያጋጥማቸው ድንጋይ ላይ አስረው ማዶ ወረወሩት፣ እንዲህ እንዲህ እያሉ ሃቫናን ከዳር እስከ ዳር አያያዟት። ለመጫወቻ ነው ተባለ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ሰው የሚገባው ለወሬ ነበር። እነ ኤድየል ጠላት ሊወጉ ተሰባስበው፣ ሐይቁ ዳር ዓሣ እያጠመዱ ስለ ቤዝቦል፣ ስለ ፍቅር፣ ስለ ጠፋው እንቁላል ሲያወሩ መሽቶባቸው፣ ሰይፍ ሳይመዙ የሚለያዩበት ቀን ይበዛል። ኤድየልና ኦስኒኤል ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ወዳጆች ናቸው፤ በመካከላቸው አራት ጣሪያ ብቻ ነው ያለው። ድሮ ጣሪያ ለጣሪያ እየዘለሉ ነበር የሚገናኙት። ገመዱ ከመጣ ወዲህ ግን በየቀኑ እያወሩ፣ አንዱ የሌላውን ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ዓመት አልፎት ነበር።

ኤድየል የመንገዳችን የኔትወርክ ሳጥን ጠባቂ ነው። ሳጥኑ ቤቱ ጣሪያ ላይ፣ ከውሃ ታንከሩ ሥር፣ ዝናብ እንዳያገኘው በብስኩት ቆርቆሮ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ከሱ አሥራ አንድ ገመድ ይወጣል፤ አራተኛው ኦስኒኤል ቤት ይገባል። ሕግ አለ። ፖለቲካ አይወራም፣ ሃይማኖት አይወራም፣ የሰው ቤተሰብ አይሰደብም። የሰደበ ሰው ገመዱ ለሦስት ቀን ይነቀላል። የሚነቅለው ጠባቂው ነው። ቀኑን ሙሉ ፍሪጅ ጥገና ቤት ሲላላክ ለሚውል የሃያ ስድስት ዓመት ሰው ይህ ቀላል ሥልጣን አይደለም፤ ኤድየልም ሥልጣኑን ይወዳት ነበር።

የተጣሉት ትልቅ ውጊያ ላይ ነው። ከአምስት ሰፈር አርባ ሰው ተሰብስቦ፣ አንድ ዘንዶ ለመጣል ሦስት ሳምንት ተዘጋጅቶ ነበር። ቀይ ጺም ከፊት ሆኖ ዘንዶውን መያዝ ነበረበት። መሀል ላይ እጁን አወረደና ዝም ብሎ ቆመ። ዘንዶው አርባውንም ጠራርጎ በላቸው።

"አንተ! ተኛህ እንዴ?" ብሎ ጮኸ ኤድየል፣ አርባ ሰው እየሰማ።

"ትንሽ... ቆይ" አለ ኦስኒኤል።

"ምኑን ነው የምቆየው? የአርባ ሰው ድካም ገደል ከተህ ቆይ ትለኛለህ? አንተኮ እናትህ ባታጎርስህ አፍህ የት እንዳለ የማታውቅ ሰው ነህ!"

ልብ በሉ፣ ቤተሰብ የነካው መጀመሪያ ጠባቂው ራሱ ነው። ማንም ግን ልብ አላለም፤ ጠባቂ ሲሳደብ ቁጣ ይባላል።

"የኔ እናት ታጎርሰኛለች" አለ ኦስኒኤል ቃል በቃል እየቆራረጠ። "ያንተ አባት... በመኪና ጎማ ተንሳፍፎ... ባሕር ያቋረጠው... ካንተ ለመሸሽ ነው።"

ከአርባው አንዱ ሳቀ።

"ሰባት ቀን!" አለ ኤድየል።

"ሕጉ ሦስት ነው" አለች ማይቴ።

"ሰባት አልኩ!"

ሁሉም ወጡ። ኤድየል ግን ወዲያው አልተነሣም፤ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሩብ ሰዓት ያህል ጦፈ። ይቅርታ ይጠይቀኛል ብሎ እየጠበቀ ነበር፤ ለራሱ ግን አላመነም። በመጨረሻ በስክሪኑ ጥግ ትንሽ ፖስታ ብልጭ ብልጭ ማለት ጀመረች። በጌሙ ውስጥ ሰው ለሰው ደብዳቤ መላክ ይችላል፤ የላከው ቀይ ጺም ነው። ስድቡን ሊጨርስልኝ ነው ብሎ አልከፈታትም። መሰላሉን ወጣ፣ የብስኩት ቆርቆሮውን አነሣ፣ አራተኛውን ገመድ ነቀለ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ እናቱ ሥራ ላይ እያለች፣ ኦስኒኤል አስሙ ተነሥቶበት ሞተ። ስልኩ ሂሳብ አልነበረውም። ያገኘችው በሩ ክፍት ስለሆነባት ብቅ ያለች ጎረቤት ናት።

በቀብሩ ላይ እናቱ ኔሪዳ ኤድየልን አንገቱን አቅፋ፣ "የኔ ልጅ፣ የመጨረሻዋን ቀን እንኳ ከናንተ ጋር ሳይጫወት" አለችው። "ኔትወርኩ ተበላሽቶበት ሲቁነጠነጥ ነው ያደረው። ምን ሆኖ ነው?"

"ዝናብ ነው፣ አክስቴ" አላት፤ ከልጅነቱ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚጠራት። "ሳጥኑ ውስጥ ውሃ ገብቶ።"

ያን ሳምንት በላውተን አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ኔሪዳ ግን አመነችው። ኤድየል በማግስቱ ጣሪያ ወጥቶ ገመዱን መልሶ ሰካው። ለማን እንደሚሰካው አያውቅም፤ ብቻ ክፍቷን ቀዳዳ ማየት አልቻለም።

እና አሁን በዚያው ገመድ ቀይ ጺም መጣ። በማግስቱም መጣ። ሁልጊዜ አሥር ሰዓት ላይ፣ ሁልጊዜ ሐይቁ ዳር፣ ፊቱ ወደ ውሃው። አንዳንዴ ያለምክንያት ይንቀሳቀሳል፤ ከድልድዩ ምሰሶ ጋር ይጋጭና ምሰሶውን ሊያልፈው እንደሚፈልግ እዚያው ይረግጣል። አንድ ቀን ውሃ ውስጥ ወረደ። ሐይቁ ሥር ቆሞ፣ ጺሙ ወደላይ እየተንሳፈፈ፣ አንድ ሰዓት ያህል ቆየ። ትንፋሹ ግን በማዳመጫው አልተቋረጠም። የኦስኒኤል ትንፋሽ ሲታመም የሚያፏጭ ነበር። ይሄኛው አያፏጭም። ኤድየልን ያስፈራው ይሄ ነው፤ የዳነ ሰው ትንፋሽ መሰለው።

ማይቴና ፕሮፌ ወሬያቸውን ይዘው ወደ ተራራው ላይ መጠጥ ቤት ተሰደዱ። "አንተም ና፣ እብድ" አለችው ማይቴ። "እዚያ ውሃ ዳር ምን ትሠራለህ?"

"ዓሣ አጠምዳለሁ።"

"የምታጠምደው ዓሣ ሳይሆን በሽታ ነው" አለችው።

ኤድየል ሞኝ አይደለም። የሆነ ሰው ያን ኮምፒውተር እንደሚነካ ልቡ ያውቃል። ግን ማን? ኔሪዳ ቴሌቪዥን እንኳ ልጇ ካልከፈተላት የማታይ ሴት ናት፤ ሌላ ሰው ደግሞ ቤቱ የለም። ሄዶ ማንኳኳት ይችል ነበር። ማንኳኳት ማለት ግን ፊቷን ማየት፣ ስለ ዝናቡ ዳግመኛ መጠየቅ ማለት ነው። ስለዚህ ሙት ይሻለኛል አለና ከሙቱ ጋር ተቀመጠ።

ከሙቱም የባሰችው ፖስታዋ ናት። ገና ጌሙን ሲከፍት በስክሪኑ ጥግ ብልጭ ትላለች። ማውሱን ሲያስጠጋባት ከሥሯ ጽሑፍ ይወጣል፦ የቀረው 19 ቀን። ከዚያ 15። ከዚያ 11። ቀኗ ሲያልቅ ትጠፋለች ማለት ነው፤ ኤድየል እንዲህ ነው የተረዳው። በየቀኑ ጣቱን ያስጠጋል፣ በየቀኑ ያነሣል። ስድብ ቢሆን እንዴት ደስ ባለው! ስድብ ከሆነ የሞተው ተጣልቶት ነው፣ ያ ይቻላል። ካልሆነስ? ሰው እስትንፋሱ እያጠረው ሩብ ሰዓት ተቀምጦ ምን ይጽፋል?

አያቱ ዶሚቲላም አልተወችውም። እሷም አስም አለባት፤ በአፏ የምትስበው የአስም መድኃኒት፣ ፓፏ፣ ሁልጊዜ ከጎኗ ነው፣ አንድ ትርፍ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ። የገመሰችውን ዳቦ ይዛ ክፍሉ ገባችና ስክሪኑ ላይ ያለውን ሰው አየች።

"የኔሪዳ ልጅ ነው?"

"የሱ ነበር።"

ወጥታ አንድ ብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ይዛ ተመለሰችና ኮምፒውተሩ አናት ላይ አስቀመጠችው። ለሙታን እንዲህ ነው የምታደርገው።

"አያቴ፣ ከፈሰሰ ይቃጠላል!"

"ይቃጠል። ሙት ያለ ጉዳይ አይመላለስም። ምን ወስደህበታል?"

"ምንም።"

"እሺ፣ ምን ከልክለኸዋል?"

ኤድየል ፊቱን ወደ ስክሪኑ መለሰ። እሷም ፓፏን ወደ አፏ አስጠግታ ሁለት ጊዜ ሳበች። ያን ድምፅ ዕድሜውን ሙሉ ሰምቶታል፤ ያን ቀን ግን ላለመስማት ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አጥብቆ ያዘ፤ ለምን እንደሆነ ገና አያውቅም ነበር።

የቀረው 3 ቀን። የቀረው 1 ቀን።

ፖስታዋ በመጣች በሠላሳኛው ቀን ከሥራ ተመልሶ ጌሙን ሲከፍት ጥጉ ባዶ ነው። ፖስታዋ የለችም። ኤድየል ከወንበሩ ተነሣ፣ ተቀመጠ፣ ደግሞ ተነሣ። ከዚያ ማንም እንዳያየው በሩን ዘጋና አለቀሰ፤ ደስታ ይሁን ውርደት አልለየውም። ሁለቱም ነበሩበት። በዚያ ቀን ሁለት ሳህን ሩዝ በላ፤ አያቱ ተገረመች።

በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ቀይ ጺም መጣ። ይሄን ጊዜ ግን ወደ ውሃው አልዞረም። እየተጋጨ፣ እየተመለሰ፣ ከድልድዩ ወርዶ መንደሩ መግቢያ ላይ ያለችው የፖስታ ሣጥን ጋ ደረሰ። ሣጥኗ ላይ ትንሽ መብራት ትንቦገቦጋለች። እዚያ ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ተመልሶ መጣና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ፊቱን ወደ ኤድየል አዞረ። ከራሱ በላይ ፊደል በፊደል ጽሑፍ ይወጣ ጀመር።

"ኤድየል"

ኤድየል እጁን ከማውሱ አነሣ።

"ኔሪዳ ነኝ"

ቀጥሎ ብዙ ቆየ። በማዳመጫው ውስጥ ትንፋሹ ቀረበ፤ ሰው ኪቦርድ ላይ ፊደል ሲፈልግ እንደሚተነፍሰው።

"ደብዳቤ ተመልሶ መጣ። ሳይከፈት የተመለሰ ይላል። ያንተ ስም ነው ያለበት"

"አልከፈትኩትም። የሰው ነው። ና ውሰድ"

ኔሪዳ የሰፈራችን ፖስታ ቤት ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት ደብዳቤ የለየች ሴት ናት። ደብዳቤ የማን እንደሆነ ለሷ ጥያቄ አይደለም፤ ስሙ የተጻፈበት ሰው ነው ባለቤቱ፣ ልጇም ቢጽፈው።

ኤድየል አንዲት ነገር ብቻ ነበር ያላወቀው። ያልተከፈተ ደብዳቤ አይጠፋም፤ ወደ ላኪው ይመለሳል። ይህን እንደሱ ሁሉ ማይቴም ፕሮፌም አያውቁም፤ በአራት ዓመት ውስጥ አንዱ የሌላውን ደብዳቤ ሳይከፍት ቀርቶ አያውቅማ። ሲፈራ ሲፈራ፣ የፈራውን ነገር በገዛ እጁ የኦስኒኤል እናት ጭን ላይ አስቀመጠው።

ተነሥቶ መሰላሉን ወጣ። ጣሪያው ከፀሐዩ የተነሣ ይፋጃል። የብስኩት ቆርቆሮውን አነሣና አራተኛውን ገመድ ያዘ። መንቀል ብቻ ነው። ገመዱ ከተነቀለ የፖስታ ሣጥኗ አትከፈትም፣ ኔሪዳ ብትፈልግም አታነበውም፣ ዝናብ ነው ይላል። አንድ ጊዜ ያመነች ሴት ሁለተኛም ታምናለች። ጣቶቹ ገመዱ ላይ እንዳሉ ቆየ። ይህን አስቦ ነበር፣ አልደብቅለትም።

"ኤድየል!" ብሎ ጮኸ ርግብ የሚያረባው ሽማግሌ ከማዶ ጣሪያ። "ኔትወርኩ ሞተ እንዴ?"

"አልሞተም!" አለው። ቆርቆሮውን መልሶ ከደነና ገመዱን ተከትሎ ሄደ። የመጀመሪያውን ጣሪያ ተሻገረ፣ የሁለተኛውን አጥር ዘለለ፤ እግሩ ረስቶታል መሰለኝ፣ ሦስተኛው ላይ ጉልበቱን ላጠው። በአራተኛው የኔሪዳን የጓሮ ደረጃ ወረደ።

ኔሪዳ የፖስታ ቤት ሸሚዟን እንደለበሰች ልጇ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ማዳመጫው ሽበቷ ላይ ተደፍቷል። ኤድየልን ስታይ አውልቃ አንገቷ ላይ አደረገችው።

"በጣሪያ መጣህ" አለችው። "ድሮ እንደዚህ ነበር የምትመጣው።"

"አክስቴ፣ በየቀኑ እርስዎ ነበሩ?"

"ማን ይሁን? ከሥራ እመጣለሁ፣ ቤቱ ዝም ይለኛል። ይሄን ሳበራው ራሱ ይገባል፤ ምንም አልነካም፣ አንዳንዴ ብቻ ይሄዳል። ልጄ ከናንተ ጋር ሲስቅ ከወጥ ቤት እሰማ ነበርና የናንተን ልስማ ብዬ ነው። የመጀመሪያው ቀን ያቺ ልጅ ስለ ዳቦ ሰልፍ ስታወራ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ከዚያ ዝም አላችሁ። በየቀኑ እመጣለሁ፣ በየቀኑ ዝም።"

"ፈርተን ነው።"

"ምኑን?"

"እሱ መስሎን።"

ኔሪዳ ወደ ስክሪኑ ዞረች። "እኔንም አንዳንዴ እሱ ይመስለኛል" አለች። ከዚያ ከወንበሩ ተነሣችለት። "ተቀመጥ። ያንተ ነው፣ አንተ ክፈተው። ካልከበደህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብልኝ። የልጄን ቃል መስማት ነው የምፈልገው።"

የወንበሩ መቀመጫ ሞቆ ነበር። ኤድየል ፖስታዋን ነካት። ተከፈተች።

"'አንተ ዝይ'" ብሎ ጀመረ፣ ኔሪዳም ሳቀች፤ በአንድ ወር ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ይሆናል። "'ገመዴን ልትነቅል ጣሪያ እየወጣህ እንደሆነ አውቃለሁ። ንቀል፣ ይገባኛል።'"

ቆመ።

"የምን ገመድ?" አለች ኔሪዳ።

"የሱን ገመድ። እኔ ነኝ የነቀልኩት። ተጣልተን ነበር።"

"ዝናብ ነው ብለኸኝ ነበር።"

"ዝናብ አልነበረም።"

ኔሪዳ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች። ኤድየል ትመታኛለች ብሎ አሰበ፤ ብትመታው በወደደ። "ቀጥል" አለችው።

"'ስለ አባትህ ያልኩት ከልቤ አይደለም። አፌ ቀድሞኝ ነው፤ ስላመመኝ ተናድጄ ነበር። ደግሞ አርባ ሰው ፊት ጮህክብኝ፣ እሱንም አትርሳ። ሰባት ቀን ዝም ከምንባባል ነገ ቀትር ላይ በእግርህ ና። አራት ጣሪያ መዝለል አቅቶን አረጀን እኮ። እናቴ ቦሎቄ ሠርታ ትሄዳለች። አብረን እንበላለን።'"

"ሁለት ሳህን" አለች ኔሪዳ።

"ምን አሉ?"

"ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳህን ዘርግቶ ነበር። ከሥራ ተጠርቼ ስመጣ አየሁት። ማንን እየጠበቀ እንደነበር አንድ ወር ሙሉ ራሴን ስጠይቅ ከረምኩ።" እንባዋን አልጠረገችም። "አለቀ?"

አላለቀም። አንድ መስመር ቀርቷል። ኔሪዳ ስክሪኑን እያየች አይደለም፤ በበሩ በኩል ያንን ጠረጴዛ ነው የምታየው። አለቀ ቢላት አለቀ ነበር። ኤድየል መስመሩን በዓይኑ አነበበው፣ ደግሞ አነበበው። ያኔ የአያቱን ፓፍ ድምፅ መስማት ለምን እንዳልቻለ ገባው።

"አላለቀም" አለ። "'ስትመጣ ከአያትህ መሳቢያ ትርፉን ፓፍ ያዝልኝ። የኔ ዛሬ አልቋል። ለእናቴ አልነገርኳትም፣ ታብዳለች።'"

ውጭ የማዶው ሽማግሌ ርግቦቹን በፉጨት ይጠራል። ኔሪዳ ሄዳ ከልጇ አልጋ ሥር ሳጥን አወጣች፤ ከሳጥኑም ባዶውን ፓፍ። ነቀነቀችው። በአፍንጫዋ አሸተተችው። ከዚያ የልጅ ልብስ አጥፋ የምታስቀምጥ ይመስል በቀስታ መልሳ አኖረችው።

"አልነገረኝም" አለች። "ፖስታ ቤት ውስጥ የትም ፈልጋ ፓፍ የምታመጣልኝ ሴት ነበረች። አልነገረኝም።"

"መሳቢያው ውስጥ ነበር" አለ ኤድየል። "አሁንም አለ። አክስቴ፣ ደብዳቤውን ብከፍት ኖሮ..."

"ዝም በል።"

ኤድየል ከወንበሩ ተነሣ።

"ይቅር እንድልህ ነው የመጣኸው?"

"አላውቅም።"

"ይቅር አልልህም። ዛሬ አልችልም፣ ነገም መቻሌን እንጃ።" ማዳመጫውን ከአንገቷ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። "ልጄ ና ብሎህ አልመጣህም። አሁን እኔ ነኝ የምጠራህ። ነገ አሥር ሰዓት ላይ እዚያ ውሃ ዳር ሁን። ከነገ ወዲያም። ለሱ ታወራለት የነበረውን አውራልኝ። ማውራት ያለብህ አንተ ነህ፤ እኔ ምንም የምለው የለኝም። ብቻ ዝም እንዳትለኝ።"

ኤድየል በመጣበት ጣሪያ ተመለሰ።

በማግስቱ ከፍሪጅ ጥገናው ሮጦ ደረሰ። የአያቱ ብርጭቆ አሁንም ኮምፒውተሩ አናት ላይ ነው፤ ውሃው ተለውጧል። አሥር ሰዓት ሲሞላ ቀይ ጺም ድልድዩ ጫፍ ላይ ቆሞ ነበር። ኤድየል ማዳመጫውን አደረገ። ትንፋሹ መጣ፣ ቅርብና ከባድ፤ ኔሪዳ ትንፋሿ እንደሚሰማ እስከዛሬ አታውቅም፣ እሱም አልነገራትም።

ምን እንደሚያወራ አላወቀም። ዓሣ ማጥመጃውን ወረወረና፣ "ዛሬ" አለ፣ "ዛሬ አንድ ፍሪጅ አመጡልን፣ በሩን ስንከፍተው ውስጡ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች።" ቀጠለ። ስለ ዶሮዋ፣ ስለ ባለቤቱ፣ ማይቴ የሰደበቻት ሴትዮ ዛሬም ሰልፍ ላይ እንደነበረች። ቀይ ጺም ፊቱን ወደ ውሃው አዙሮ ሰማው። አሥራ አንድ ተኩል ሲል ጠፋ፣ በማግስቱ አሥር ሰዓት ላይ ተመለሰ።

ይኸው እስከዛሬ እንዲህ ናቸው። ወሬ ያልቅበታል፣ የነገረውን ይደግማል፣ አንዳንዴ ስለ ኦስኒኤል ማውራት ይጀምርና መሀል ላይ ይተወዋል። ዝም ባለ ቁጥር ግን በማዳመጫው ውስጥ ያለው ትንፋሽም አብሮት ቀጥ ይላል፣ ይጠብቃል። ያን ጊዜ ኤድየል ያገኘውን ነገር ይዞ ቶሎ ማውራት ይጀምራል።